የኑክሌር ዝቃጭ፦ ትርፉና አደራው

የኑክሌር ዝቃጭን መቅበር ለአንድ መንግሥት የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም በአውስትራሊያ በብርቱ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን፣ ግዛቲቱ 138,000 ቶን ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅና ሌላም ዝቃጭ ከውጭ አገሮች በክፍያ ተቀብላ ብታስወግድ ከ257 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንደምታገኝ ገመተ። ወጪው በ120 ዓመታት 145 ቢሊዮን ዶላር ስለ ነበረ፣ ትርፉ እጅግ የሚያጓጓ ነበር።

ይሁን እንጂ የፊዚክስን ሕግ ከሒሳብ መዝገቡ አጠገብ እናስቀምጠው። በዝቃጩ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም-239 ግማሽ ዕድሜው 24,100 ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ከተቀበረው ውስጥ ከ120 ዓመት በኋላ ከ99.6 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳይፈርስ ይቆያል። ገቢው ተሰብስቦ ሲያበቃ ጥበቃው ገና ይጀምራል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተመረጡ ከ300 በላይ ዜጎች ተሰብስበው ሁለት ሦስተኛዎቹ ሐሳቡን ውድቅ አደረጉ። እቅዱም ተተወ። እንግሊዝ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በማራሊንጋ የኑክሌር ሙከራ ያካሄደችበትን ምድር ነባር ሕዝቦች አልረሱትም ነበርና፣ ተቃውሞአቸው የጸና ነበር።

ፊንላንድ ሌላ መንገድ መርጣለች። በ1994 የወጣው ሕግ የውጭ ዝቃጭ እንዳይገባ፣ የአገሪቱም እንዳይወጣ ያዝዛል። ኤሌክትሪክ አምራቾች ለማስወገጃው የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድመው በመንግሥት ፈንድ ያስቀምጣሉ፤ መቃብሩም በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ዐለት ውስጥ ተቆፍሯል። እዚህ ላይ ጥቅሙ ዕዳን ለልጅ ልጅ አለማስተላለፍ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት እውነተኛው ኢኮኖሚያዊ ትርፍም ይኸው ነው፤ የሌላውን ዝቃጭ በዋጋ መረከብ ግን ወሰን የሌለውን ኃላፊነት ወሰን ባለው ገንዘብ መግዛት ነው።

የአፍሪካ መንግሥታት በ1991 በባማኮ ስምምነት የራዲዮአክቲቭ ዝቃጭ ወደ አህጉሪቱ እንዳይገባ የከለከሉት በከንቱ አይደለም። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በኃላፊነት ወንበር ተቀምጣችሁ እንዲህ ያለ ውል ቢቀርብላችሁ፣ ከዋጋው አስቀድማችሁ ግማሽ ዕድሜውን ጠይቁ።