ትምህርቱ ለማን ነው?

ሃይማኖት ያለው ተማሪ ከሚያየውና ከሚሰማው ሁሉ ትምህርት መቅሰም ይወዳል። አውቶቡስ ቢበላሽ ትምህርት ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ ትምህርት ነው፤ በስልካችን የምናነበው ጦርነትም ትምህርት ነው። ልማዱን አንነቅፍም። ጌታም ያስተማረው በሚዘራ ገበሬና እርሾ በዱቄት በምትለውስ ሴት ነው። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ትምህርት የሚቀሰመው ለማን ነው? ለራሳችን ነው ወይስ ለጎረቤታችን?

ምሳሌ እንስጥ። በይርጋ ጨፌ አቅራቢያ በምትገኘው በዱመርሶ፣ ወርኃ ጥቅምት ሲገባ ቀይ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያው ይጎርፋል። እሸቱ ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ከባዱ ይሰምጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፤ ሠራተኞቹም ተንሳፋፊውን ከላይ ገፈው ይለዩታል። ይህን ያየ ሰባኪ እንዲሁ አያልፈውም። «እናንተም በፍርድ ቀን እንዳትንሳፈፉ!» ይለናል፤ ጉባኤውም አሜን ይላል። ምሳሌው ያምራል። ይሁን እንጂ ቡናውን ያለማውን ገበሬ የጠየቀ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። ፍሬው የሚንሳፈፈው ነፍሳት ስለ በሳው ወይም ዝናብ አጥቶ ውስጡ ሳይሞላ ስለ ቀረ ነው። በደሉ የፍሬው አይደለም። ደግሞም ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ ለብቻው ደርቆ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል (ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች ስኒ የሚመጣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም)። እንግዲህ የገንዳው ትምህርት ስለ ኃጢአተኞች መለየት ነው ወይስ ዝናብ ስላልደረሳቸው ሰዎች? ሁለተኛው ይመስለናል፤ ከሰሚው አንድ ነገር ይጠይቃልና።

ነገሩ በቡና ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍን ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በተፈናቃይ ተሞሉ፤ ክረምቱም በላያቸው ገባ። ያን ጊዜ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል ቃል ያልሰማ ከመካከላችን ማን ነው? በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግን «በረከት ነው» ተባለ። በረከቱን ሁሉም ለራሱ ወሰደ፤ ቁጣው ለተፈናቃዩ ቀረ!

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን እንደ ገደለ እናነባለን። ጌታ የሞቱት ከሌላው ሰው የከፉ እንዳልነበሩ ተናግሮ ነገሩን ወደ አድማጮቹ አዞረው። በዚህ መንገድ የ2010ሩን ወሬ ብናነበው ምን እናገኛለን? በሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ የሚዘምር ብዙ ሕዝብ ነበረ። ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓትም ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ስብከቱም ሥርዓቱም እያለ ያ ሁሉ እንዴት ሆነ? ይህ ጥያቄ ከመድረክ ሲጠየቅ የሰማነው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

«ተማሪ ደርሶ ሰባኪ ሊያርም ነው» የሚለን አይጠፋም። ይበለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ግን በየዕለቱ ከአፋችን የማትጠፋው አጭር ቃል ናት፤ «ለበጎ ነው»። ልጇን ለቀበረች እናት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ገበሬ፣ ፈተና ለወደቀ ጓደኛ፣ ለሁሉም ያው አንድ መድኃኒት! ቃሏ ሐሰት አይደለችም። ዮሴፍ በኦሪት ዘፍጥረት መጨረሻ ወንድሞቹን ያጽናናው ይህንኑ በሚመስል ቃል ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የተናገረው የተሸጠው ሰው ራሱ ነው፤ የተናገረውም ስለ ገዛ መከራው ነው፤ ያውም በረሃብ ዘመን እህል ሰጥቶ ካዳናቸው በኋላ። ወንድሞቹማ እርሱን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው፣ ተቀምጠው እንጀራቸውን ይበሉ ነበር።