የእንደራሴው ጥያቄና የሚኒስትሩ መልስ

ሕገ መንግሥቱ በ55ኛው አንቀጽ፣ በ17ኛው ንዑስ ቁጥር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን የፌዴራል ባለሥልጣናት ጠርቶ ይጠይቅ ዘንድ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በ41ኛው አንቀጽ ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌላውም ማኅበራዊ አገልግሎት በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ አቅሙ በፈቀደም መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና እጓለ ማውታ ሕፃናትን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንቀጾች በአንድነት ሲነበቡ፣ እንደራሴው ስለ ሕሙማንና ስለ ነዳያን የሚያነሣው ጥያቄ የችሮታ ልመና ሳይሆን የዕዳ መጠየቂያ ነው።

የጤና ሚኒስትሩ ሪፖርት ይዘው በምክር ቤቱ ፊት ሲቀርቡ የሚሆነውን ግን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ስለ መድኃኒት እጥረት፣ ሌላው ተጀምሮ ስለ ቀረ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ስለ አምቡላንስ፣ አራተኛው ስለ ሐኪሞች ደመወዝ ተራ በተራ ከጠየቁ በኋላ፣ ሚኒስትሩ ሁሉንም ጠቅልለው ይመልሳሉ፤ በዚህም ሥርዓት የቀለለው ጥያቄ ሰፊ ሐተታ ሲያገኝ የከበደው በመካከል ተውጦ ይቀራል። ይህን የምለው ሹማምንቱን ተንኰለኞች ለማድረግ አይደለም፤ በዚያ መንበር የተቀመጠ ማንም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚቀለውን አስቀድሞ መመለሱ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር የታችኛው ምክር ቤት ልማዱ ሌላ ነው። ጤናንና ማኅበራዊ እንክብካቤን አጣምሮ የያዘው መሥሪያ ቤት ተራው ሲደርስ፣ ጥያቄው አስቀድሞ ታትሞ ስለሚታወቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ዳሩ ግን መልሱ እንደ ተሰማ ያው ጠያቂ ወዲያው ተከታይ ጥያቄ ያነሣል፤ ይህ ሁለተኛው ምን እንደሚሆን ሚኒስትሩ አስቀድመው አልተነገራቸውም። (እዚያም ቢሆን ጩኸቱና ፌዙ ብዙ ነው፤ የገዛ ፓርቲያቸውን ሚኒስትር ለማመስገን ብቻ የሚጠይቁም አይታጡም።)

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ የጤና አስተዳደራችን የተከፋፈለ ነውና። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ደመወዝ ከወረዳ በጀት ሲወጣ፣ የመድኃኒቱን ግዥና ሥርጭት በብዛት የያዘው ግን የፌዴራል መንግሥት ተቋም ነው፤ ስለዚህ «ይህ የክልሉ ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜ መሸሸጊያ ይሆናል፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየውም ተከታዩ ጥያቄ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንውሰድ። ሚኒስትሩ «የአባላቱ ቁጥር አድጓል» ቢሉ፣ የጤና መድኑን መታወቂያ ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለው ገበሬ በዚያ ቁጥር ውስጥ ተደስቶ እንደሚኖር ሰው ተቆጥሯል። እንደራሴው ግን ተነሥቶ «ከእነዚህ መካከል የታዘዘላቸውን መድኃኒት በመድኑ ያገኙት ስንት ናቸው? ከኪሳቸው የገዙትስ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ቁጥር ወይም ዝምታ ይሆናል፤ ሁለቱም ለሕዝብ ይጠቅማሉ።

ጧሪ ያጡ አረጋውያንማ ጉዳያቸው በሌላ ሚኒስቴር ሥር ስለ ሆነ፣ በጤናው ቀን የሚያነሣላቸው እምብዛም ነው።

ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ እንዲያወጣ 59ኛው አንቀጽ ስለ ፈቀደለት፣ ለአንዱ ጥያቄ አንድ መልስ፣ ለመልሱም አንድ ተከታይ ጥያቄ የሚለውን ሥርዓት ለመትከል ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያሻም። ጊዜ ያጥራል፣ የጠያቂዎችም ቁጥር ያንሳል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል፤ እውነትም ያንሳል፤ እኔ ግን በጽሑፍ ሊመለስ የሚችለው ሁሉ በጽሑፍ ተመልሶ፣ ለጉባኤው ስድስት ወይም ሰባት ጥያቄ ብቻ ቢቀር እመርጣለሁ።