የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከልደታ ወደ ቪላ አልፋ



ይህን እትም ያሰናዳነው ለአንድ ሠዓሊ ነው። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ቢላኩም ልባቸው ወደ ቀለምና ብሩሽ አደላ። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ዘመናቸውን ሙሉ የደከሙባቸውን ሥራዎች ትተውልን ሄዱ።

የዝግጅት ክፍላችን ካለበት ልደታ ብዙም ሳይርቅ፣ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ፣ ራሳቸው የነደፉት ቪላ አልፋ አለ። መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ማሳያም ነበር። የጎንደርን ግንብ የሚያስታውሰውን ይህን ቤት ያየ፣ ሕንፃውም ራሱ ከሥራዎቻቸው አንዱ መሆኑ ይገባዋል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ታዲያ፣ «ቤቱ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ድንገት አትነሡ። ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ክፍት ከሆነ ግማሽ ቀን መድቡለት፤ ሥዕል እንደ ቡና ነው፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቁ መነሣት ያስቆጫል። ዝግ ከሆነም ቀኑ አይባክንም። ከልደታ በቀላል ባቡር ስታዲየም ወርዳችሁ በእግር ወደ አፍሪካ አዳራሽ አቅኑ። በዚያ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስታወት ሥራቸው የአህጉሩን ትናንትና ነገ በብርሃን ይተርካል። እዚያም የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ልጆቻችሁን አስከትሉ። በየገጻችን ያሉት ፎቶግራፎች መንገድ ጠቋሚ እንጂ ምትክ አይደሉም። የቀለሙን ግዝፈት የሚያውቀው ፊቱ የቆመ ዓይን ብቻ ነው።

መልካም ንባብ፣ መልካም ጉብኝት!