ለአርዲቦ የቄጠማ ዳር ይተውለት
አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል፦ ማሳው ውኃው ድረስ መጠጋቱ። ገበሬው በሬዎቹን የሚያዞረው ቄጠማው ሥር ነው፤ ዩሪያውን በእፍኙ እየበተነ የመጨረሻው ትልም ላይ ሲደርስ፣ ነጫጭ ፍሬዎቹ እርጥቡ ጭቃ ላይ ያርፋሉ። ከዩሪያ ክብደት 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬትን ደግሞ አፈር አጥብቆ አይዘውም፣ ዝናብ ሲመጣ ከውኃው ጋር ይሄዳል። በቤቱ የመስታወት ገንዳ የባሕር ዓሣ የሚያረባ ሰው ናይትሬት ሲበዛበት መላ አለው፤ ከውኃው ከፊሉን ቀድቶ ይደፋና በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው በጥብጦ ይተካል። አርዲቦን ግን ማን ቀድቶ ይተካዋል? ከእሱ የሚወጣው ጅረት ቁልቁል የሚወርደው ወደ ሎጎ ሐይቅ ነው፤ ሎጎ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የገባበት ንጥረ ነገር እዚያው አልጌ ያበቅላል። ማዳበሪያ ይቅር አልልም፤ ገበሬው እህሉን ከምን ያመጣል? ይቅር የምለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ትልሞች መታረሳቸው ነው። በቄጠማና በደንገል ሥር ባለው አየር አልባ ጭቃ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ዳሩ ይከለል፤ ሣሩን ግን ባለማሳው ራሱ አጭዶ ለከብቶቹ ይውሰድ፤ ጥቅሙን ካላየበት አይጠብቀውምና። ሐይቅን ከሚያድኑ ሥራዎች መካከል ከዚህ የረከሰ አላውቅም።