ሳሉ ቢተውም ኪኒኑ አይተው



ባለፈው ረመዳን በሲግናል የምናውቀው አንድ ወጣት «ሳሉ ስለተወኝ የቲቢ ኪኒኔን ለጾሙ ብዬ አቆምኩ» አለን። እርሱ ቀላል ነገር መስሎታል፤ እኛ ግን ደነገጥን።

ለምን ቢባል፣ የቲቢ ባክቴሪያዎች ሁሉም እኩል አይሞቱም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደካሞቹ ያልቃሉ፤ ሳሉም ይታገሣል። ጠንካሮቹ ግን ሳንባ ውስጥ ይቆያሉ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚራቡትም እነርሱ ናቸው። አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን የተባሉት ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች የማያጠፉት ቲቢ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ይህ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ አንድ ቀን እንኳ ኪኒን ያላቋረጠ የቤተሰብ አባልም ሊይዘው ይችላል።

ሕክምናው በሀገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በእንጦጦ ጋራ ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ታማሚው ከ18 እስከ 24 ወር ኪኒን ይውጥ፣ ለወራትም መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ጆሮን እስከማደንቆር ይደርሳል።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ መርፌ በ6 ወር የሚያልቅ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። መድኃኒቶቹ ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን ናቸው። ቤዳኩዊሊን ባክቴሪያው ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ይዘጋል፤ ሊኔዞሊድ ደግሞ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል። ሊኔዞሊድ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ሊያስከትል ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል። ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያም አክታን መርምሮ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይናገራል።

ይሁን እንጂ በአንዳንድ ሀገሮች ቤዳኩዊሊንንም የተላመደ ቲቢ ታይቷል። አሮጌውን መድኃኒት ያሳጣን ማቋረጥ አዲሱንም ሊያሳጣን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ ያልነውን ለእናንተም እንላለን። ኪኒን የጀመረ ሰው በጾም ወራት በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የመዋጫው ሰዓት ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ሊዛወር ይችል ይሆናል። ካልሆነም ሸሪዓችን ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ይህን ፈቃድ መቀበል የእምነት ጉድለት አይደለም።

ወጣቱ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሷል። እናቶችና አባቶች ሆይ! በቤታችሁ ኪኒን የጀመረ ካለ ሳሉን ብቻ አታዳምጡ፤ ኪኒኑንም እስከ መጨረሻዋ ድረስ ቁጠሩለት።