ዱባ የሌለው ሶፓይፒያ? ኧረ ቦምቦሊኖ በሉት!

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ የቺሊዎቹን የዱባ ጥብስ ሞከርኩት፤ ሲቀዘቅዝ ጎማ ሆነ። ዱባ ለዚህ አይሆንም ማለት ነው» ትላለች። ያየችውን ቪዲዮ ላኪልኝ አልኳት። ሁለት ማንኪያ ዱባ፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ ቫኒላ! ሊጡ ቀጠነ፣ ዱቄት ጨመረች፤ አሁንም ቀጠነ፣ አሁንም ጨመረች። ከዚያ ጥፋተኛው ዱባ ሆነ።

እኔ የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። ዱባ የድሃ ምግብ ይመስላችሁና ለቀለም ያህል ጠብ አድርጋችሁ በወተትና በእንቁላል «ታሻሽሉታላችሁ»። የተሠራው እኮ ቦምቦሊኖ ነው! ቦምቦሊኖ ጥሩ ነው፣ እኔም እወዳለሁ፤ ግን ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።

በሶፓይፒያ ውስጥ ዱባው ማጣፈጫ አይደለም፤ ሊጡን የሚያርሰው እሱ ነው። ለ400 ግራም ዱቄት 250 ግራም ያህል የተፈጨ ዱባ፣ 80 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ (ንጥር ቅቤ አይደለም፣ አደራ!)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው። በቃ። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ቅቤውን በዘይት ከተካችሁት የጾም ምግብ ሆነላችሁ፤ እናንተ ግን እንቁላል ጨምራችሁ ታስገድፉታላችሁ።

ዱባውን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። በእንፋሎት ይብሰል፣ በደንብ ይንጠፍጠፍ፣ ትኩስ እያለ በሹካ ይፈጭ። አንዱ ዱባ ውኃ ይበዛዋል፣ ሌላው ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱን ሁሉ አንዴ አትገልብጡት፣ እጃችሁ ይፍረድ። ሊጡ ትንሽ ይረፍ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይዳመጥ፣ በሰፊ ብርጭቆ አፍ ይቆረጥ፣ እንዳይነፋ በሹካ ይወጋጋ፣ በጋለ ዘይት ይጠበስ።

«ያለ ዱባ የሚሠሩም አሉ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ በደቡብ ቺሊ አሉ። የኒው ሜክሲኮውም ሶፓይፒያ ዱባ የለውም። እነሱ ግን የዱባ ጥብስ ነው ብለው አልለጠፉም! የፔሩዎቹን ፒካሮኔስ ደግሞ እዩ፦ ዱባና ስኳር ድንች በእርሾ ተቦክቶ፣ በእርጥብ እጅ ቀለበት እየተደረገ ዘይት ውስጥ የሚገባ። ዱባውን አውጡና ምን ይቀራል?

ዱባ ራሱ መነሻው ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ እኛ ጋ ደርሶ ወጥ ሆነ። ቺሊዎች ዝናብ ሲጥል ሶፓይፒያቸውን ቻንካካ ከሚሉት ጥቁር የሸንኮራ ስኳር በተሠራ፣ ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ በገባበት ሽሮፕ ነክረው ይበላሉ። ጨዋማ የሚወድ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በድንብላል ቅጠል። በዱባው የሚያፍር የለም።

ልጅቷ ቅዳሜ እንደገና ልትሞክር ነው። ወተቱን ለሻይ አስቀምጪው ብያታለሁ።