ከሞተ ሃንድአውት ጋር አትሙቱ

ወገን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ እንጀራ ነው። በተለይ እናንተ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አይቲ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ «ኢንተርኔት ፕሮግራሚንግ» ወይም «ዌብ ፕሮግራሚንግ» የሚባለውን ኮርስ አሁን ይዛችሁ ያላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ የምፈልግ ወጣት ነኝ። የምነግራችሁም ሥራ ፈላጊው ሰልፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ከባች ወደ ባች እየተላለፈ የመጣው ሃንድአውት ሞቷል። ሬሳ ታቅፋችሁ አትቀመጡ።

አጋነነ ትሉ ይሆናል። እስቲ ዶርም ውስጥ በፍላሽ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ክፈቱት። ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ምዕራፍ ላይ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የሚል ትእዛዝ አለ? ካለ ዕድሜውን እወቁት። ይህ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2013 «ከዚህ በኋላ አትጠቀሙበት» የተባለ፣ በ2015 መጨረሻ ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ የተወገደ ነው። ዛሬ ዛምፕ ጭናችሁ ያንን ኮድ ስትገለብጡ ኤረር የሚመጣባችሁ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። የሌለ ነገር እየጠራችሁ ስለሆነ ነው! በቦታው የገቡት «ማይኤስኪውኤል አይ» እና «ፒዲኦ» ናቸው። ሁለቱም ላይ «ፕሪፔርድ ስቴትመንት» የሚባለውን ሳትማሩ እንዳታልፉ። ሰው ፎርም ላይ የጻፈው ነገር እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ ዳታቤዛችሁን እንዳያፈርስ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

«ፎንት» እና «ሴንተር» የሚባሉት የኤችቲኤምኤል ታጎችም ጊዜያቸው አልፏል። ገጽን በቴብል እየከፋፈሉ መደርደርም እንደዚያው። አሁን ሰው የሚሠራው በፍሌክስቦክስና በግሪድ ነው።

ይህን የምለው መምህራንን ለመስደብ አይደለም። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ አንዱ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ ሲሆን እነሱም ተጎጂ ናቸው። ግሬድም ያስፈልጋል፣ መውጫ ፈተናም አለ፤ ስለዚህ ሃንድአውቱን ለፈተና አንብቡት። ግን ገበያው ሰበብ አይሰማም። ቅጥር ላይ «ስንት አመጣህ?» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «የሠራኸውን አሳየን» ነው። ስንቱ ባለማዕረግ አንገቱን የሚደፋው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ሙያ በነጻ የተሰጠ ነው። ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ ሰርን ውስጥ የፈጠረውን ድረ ገጽ የሚባል ነገር ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ማስተማሪያውም ያው ነው፤ ትልልቅ ባለሙያዎች የሚያዩትን ገጽ እናንተም በስልካችሁ ታዩታላችሁ።

እንደ መንገድ መሪ «ፍሪኮድካምፕ»ን ወይም «ዘ ኦዲን ፕሮጀክት»ን ያዙ። ሁለቱም ከዜሮ ተነስተው እያሠሩ ነው የሚያስተምሩት። አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለት ዛፍ ላይ የሚወጣ ይወድቃል።

እንደ መዝገበ ቃላት «ኤምዲኤን»ን ተጠቀሙ። አንድ ታግ ወይም አንድ የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ሲያከራክራችሁ ፍርዱን እዚያ ፈልጉ። «ደብሊው3ስኩልስ» ቶሎ ሞክሮ ለማየት ጥሩ ነው፤ ግን ስሙ አያታላችሁ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን ከሚያወጣው ደብሊው3ሲ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የኖርዌይ የግል ኩባንያ ነው። ጃቫስክሪፕትን ጠለቅ ብሎ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ «ኤሎክወንት ጃቫስክሪፕት» የሚባል መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል።

«ዳታ የለኝም» ለምትሉ፦ «ዴቭዶክስ» የሚባል ገጽ አለ፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ብራውዘር ላይ ይከፈታል። የፒኤችፒ ማንዋልም እንዳለ ይወርዳል። አንዱ በሌሊት ጥቅል ያውርድ፣ ለዶርሙ ሁሉ በፍላሽ ያድርስ። የድሮውን ፒዲኤፍ ያዞርንበት ፍላሽ አዲሱን ማዞር አያቅተውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ መሰብሰብ መማር አይደለም። ቴሌግራም ላይ የኮርስ ቪዲዮ በጊጋባይት እየቆለለ አንድ ገጽ ያልሠራ ስንት አለ! ዛሬ ያነበባችሁትን ዛሬ ሥሩት። የሰፈራችሁን ሱቅ፣ የእናታችሁን የእንጀራ ንግድ፣ የባቻችሁን ዝርዝር ድረ ገጽ አድርጉት። «ጊትሃብ ፔጅስ» ላይ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ብቻ ያለው ገጽ በነጻ ይወጣል። ፒኤችፒ ግን እዚያ አይሠራም፤ ሌላ ሰርቨር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእነዚህ ሁሉ ማስተማሪያዎች ውስጥ የማታገኙት ነገር አለ። እኛን!

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት አንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር የሚሆነው። ዛሬ መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚሄድበት ነው የጠፋው። ፒኤችፒ ላይ የ«ሰላም»ን ርዝመት በ«ስትርሌን» ጠይቁት፣ 9 ይላችኋል። ለምን? የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ላይ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ትክክለኛውን 3 የሚሰጣችሁ «ኤምቢ ስትርሌን» ነው። ዳታቤዛችሁ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ካልሆነና በላቲን ከተፈጠረ፣ «አበበ» ብላችሁ ያስገባችሁት ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ይቀጥላል። «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይገኝም፤ ለእኛ አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። የውጭ ፎርም ሁሉ «ላስት ኔም» ይጠይቃል፤ እኛ ግን የራስ፣ የአባት እና የአያት ስም ነው ያለን። የኤችቲኤምኤል የቀን መምረጫ ጳጉሜን አያውቃትም። በአማርኛ የተጻፈ ገጽ «ኤኤም» የሚል የቋንቋ ምልክት እንደሚያስፈልገው የሚነግራችሁ ሃንድአውት አይታችኋል?

ይህን ሃርቫርድም ኖርዌይም አይጽፍልንም። መጻፍ ያለብን እኛ ነን። ለሀገርና ለቋንቋ መቆርቆር በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ አይደለም። የእናቱን ስም በትክክል መዝግቦ በትክክል ፈልጎ የሚያገኝ ድረ ገጽ የሠራ ልጅ ለፊደሉ ቆሟል። ደግሞም የሥራ ዕድሉ እዚሁ ነው፤ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቁጠባ ማኅበሩ በአማርኛ የሚሠራ ሲስተም ይፈልጋል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሴሚስተር አንድ ነገር ተማሩና ለሚቀጥለው ባች በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉ። ኤረሩን፣ ምክንያቱን፣ መፍትሔውን። ከሺህ ተማሪ አንድ አንድ ገጽ ቢወጣ ሺህ ገጽ መጽሐፍ ነው፤ ያውም በየዓመቱ የሚታደስ።

ላይክ አልፈልግም። ይህን ዌብ ፕሮግራሚንግ ለሚማር አንድ ጓደኛችሁ ላኩለት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ኮድ ክፈቱ።